በመስተዋቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመው ሰው

ይህን የማጫውትህ ሰው በመንፈስ፣ በጥላ፣ በሙት ድምፅ አምኖ የማያውቅ ሰው መሆኑን አስቀድመህ ያዝልኝ፤ ደባርቅ ላይ ፎቶ ቤት ከፍቼ በኖርኩበት ዘመን ሁሉ በእንዲህ ያለ ወሬ እንደ እኔ የሳቀ አልነበረም፣ ካሜራ ነፍስ ይወስዳል ብለው ፊታቸውን በነጠላ የሚሸፍኑ ሴቶችን እያሾፍኩ አስገልጬ አንስቻለሁ፣ ጋኔን እጠራለሁ የሚል አንድ ደብተራ ፎቶ ሊነሳ መጥቶ ዓይኑን ጨፍኖ ከተቀመጠ በኋላ «ጋኔኑም አብሮ ወጥቷል፣ ሒሳቡ የሁለት ሰው ነው» ብዬው ተኮራርፈን ቀርተናል።

እንዲህ ያደረገኝ ሙያው ነው። ፎቶ አንሺ ተአምር የሚባለውን ነገር ከነጓዳው ያውቀዋል፣ ሰውዬው ሁለት ራስ አውጥቶ የታየው ስለተነቃነቀ ነው፣ ከሙሽራዋ ጀርባ የቆመው ነጭ ነገር መልአክም ሰይጣንም ሳይሆን ፊልሙ ብርሃን ስለገባበት ነው። ደንበኞቼ አብዛኞቹ ሊማሊሞን የሚወርዱ የጭነት መኪና ሾፌሮች ነበሩ፣ ቁልቁለቱን ከመጀመራቸው በፊት ጎራ ይሉና «አንድ አንሳኝ እስቲ፣ ምናልባት…» ይሉኛል፣ ከምናልባት በኋላ ያለውን አይጨርሱትም፣ እኔም አልጠይቃቸውም። እንግዲህ ሰው ሞትን ሲያስብ እንኳ ደረቅ ዓይን ነበረኝ ማለቴ ነው፣ እመነኝ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ጊዜ፣ በክረምት፣ ጭጋጉ ከሰሜን ተራሮች ወርዶ የጎረቤትህን በር በሚሸሽግበት ወራት ነው። አንድ ቀን ጠዋት ሱቄን ከፍቼ ወለሉን እየጠረግሁ ሳለሁ ላንድሮቨር መጥታ ደጄ ላይ ቆመች፣ ሁለት መሣሪያ የያዙ ሰዎች ወረዱና «ትፈለጋለህ» አሉኝ፣ ለምን እንደሆነ ሳልጠይቅ መጥረጊያውን እንደያዝኩ መኪናዋ ውስጥ ገባሁ። የወሰዱኝ ከከተማው ራስጌ ወዳለው ግቢ ነው፣ ድሮ የአንድ ነጋዴ ቤት የነበረ ነው፣ ያኔ ስሙን የሚጠራው ሰው አልነበረም፣ «ግቢው» ብቻ ነበር የምንለው፣ ዛሬም ከዚያ አልፌ አልጠራውም።

ያስጠራኝ መርማሪ ጓድ ደምሴ ይባላል፣ ከአዲስ አበባ የመጣ ቀጭን፣ ድምፁን ከፍ የማያደርግ፣ ሲጋራ ሳይለኩስ በጣቶቹ መሃል ሲያሽከረክር የሚውል ሰው ነው። ጠረጴዛው ላይ አንድ ጥቁር ሳጥን ተቀምጧል። «ይህ ምንድን ነው?» አለኝ። ሳጥኑን አየሁትና፣ የሙያ ነገር ክፉ ነው፣ ፍርሃቴን ረሳሁት።

የጋዜጣ ሰዎች ይይዙት የነበረው ትልቁ ካሜራ ነው። ጎንደር ሙያውን ያስተማረኝ ሽማግሌ ሥዕሉን ከአሮጌ መጽሔት ቆርጦ ግድግዳው ላይ ለጥፎት ስለነበር አወቅሁት እንጂ በአካል አይቼው አላውቅም። ሲዘጋ የዳዊት ማኅደር የመሰለ ጥቁር ቆዳ የለበሰ ሳጥን ነው፣ ከላይ ያለችውን ቁልፍ ስትጫናት ፊቱ እንደ ጠረጴዛ ወደ ፊት ይተኛል፣ ሌንሱን ስበህ ስታወጣው የታጠፈው ቆዳ እንደ አንጥረኛ ወናፍ እየተዘረጋ ይከተለዋል። ብረቱ ያበራል፣ ቆዳው ይለሰልሳል፣ አንዲት ጭረት እንኳ የለበትም። እያገላበጥኩ ስከፍትና ስዘጋ ጓድ ደምሴ ጎንበስ አለና በሌንሱ ዙሪያ የተቀረጸውን ቁጥር በጥፍሩ አሳየኝ። ቁጥሩ ረጅም ነው፣ የሚጀምረው በሰባ አንድ ነው፣ እኛ ደግሞ ያኔ ሰባ አንድ ዓመተ ምሕረትን ከጨረስን ገና ዓመትም አልሞላን።

ይህ የፋብሪካው ተራ ቁጥር ነው፣ ዓመተ ምሕረት አይደለም፣ ቢሆንም እንኳ ፈረንጅ ዓመት የሚቆጥረው በራሱ ነው እንጂ በእኛ አይደለም አልኩት። ፈገግ አለ። ፈረንጅ ለእኛ አገር ወንበዴ ዕቃ ሲልክ በእኛ አቆጣጠር ቢጽፍበትስ ምን ያግደዋል አለኝ። የሚቀልድ መስሎኝ ልስቅ ነበር፣ ዓይኑን ሳየው ግን ሳቄን ዋጥሁት።

ከዚያ ነገሩን ዘረዘረልኝ። ካሜራው የተገኘው ከዳባት ወጣ ብሎ ባለ አንድ ደብር፣ መሪጌታ ላቀው በሚባሉ የቤተ ክርስቲያን መምህር ቤት፣ መሣሪያ ሲፈተሽ ከጎጆው ወጋግራ ላይ በጥቅል ተሰቅሎ ነው። መሪጌታ ዕቃው በጣልያን ጊዜ አንድ ፈረንጅ ለአባቴ የተወው አደራ ነው ብለዋል። ጓድ ደምሴ ግን አርባ ዓመት ሊሞላው በገጠር ጎጆ፣ ከጢስና ከአይጥ ጋር የኖረ ዕቃ ይህን አይመስልም ባይ ነው፣ እውነቱን ለመናገር ጥያቄው የቂል ጥያቄ አልነበረም፣ እኔም ያው ነገር ከንክኖኛል።

«ሥራህ ቀላል ነው» አለኝ። «የዚህን ዕቃ ዕድሜ ነገ ጠዋት ትነግረኛለህ። አሮጌ ከሆነ ሽማግሌው እውነት ተናግሯል፣ ቤቱ ይገባል። አዲስ ከሆነ ሰላይ ነው፣ የሰላይን ነገር ደግሞ ታውቀዋለህ።»

ሳጥኑን በብብቴ ይዤ ስወጣ ግቢው መሃል ላይ አንድ ሽማግሌ በሁለት ጠባቂዎች መካከል ቆመው አየሁ። ቁመታቸው ረዘም ያለ፣ ጋቢያቸው ጭቃ የነካው፣ ጢማቸው ደረታቸው ላይ የወረደ ሰው ናቸው። እኔን አላዩኝም፣ ዓይናቸው የሄደው ወደ ሳጥኑ ነው፣ ደግሞም ያካፋ ነበር።

«ልጄ፣ ዝናብ እንዳይነካው» አሉኝ።

አንደኛው ጠባቂ ገፋ አደረጋቸውና ሄዱ። እኔም ጃኬቴን አውልቄ ሳጥኑን ሸፈንኩት፣ ለምን እንዳደረግሁት አላውቅም፣ ግን አደረግሁት።

ከበሩ ውጭ አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በጨርቅ የታሰረ ሳህን ጭናቸው ላይ አድርገው ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ሳጥኑን ሲያዩ ተነሥተው ራቅ ብለው ተከተሉኝ፣ ከግቢው እይታ ከወጣን በኋላ ደረሱብኝና የመሪጌታ ባለቤት ትርንጎ ነኝ አሉኝ። መንገድ ዳር ቆመን በዝግታ አጫወቱኝ፤ ጣልያን በሊማሊሞ አፋፍ ላይ ተከቦ በነበረበት ጊዜ ከእንግሊዞች ጋር የመጣ አንድ የጋዜጣ ሰው ንዳድ ይዞት አማታቸው ቤት ተኝቶ ነበር፣ አማታቸው ቄስ ናቸው፣ አስታመሙት፣ ትንሽ ሲሻለው ይህን ሳጥን ትቶ ተመልሼ እወስደዋለሁ ብሎ ወደ ዛሪማ ወረደ፣ ከዚያ ወዲህ ወሬውም አልተሰማ። ቄሱ ሲሞቱ ለልጃቸው ለመሪጌታ፣ ባለቤቱ ወይም የባለቤቱ ልጅ እስኪመጣ ጠብቁት ብለው በግዝት አስረው ሰጧቸው። እነሱም ዓመት በዓመት ክረምት ሳይገባ ያወርዱታል፣ ፀሐይ ያስመቱታል፣ ቆዳውን በቅቤ ያሹታል፣ በአዲስ ጨርቅ ጠቅልለው አይጥ በማይደርስበት መልሰው ይሰቅሉታል። ክፉ ዘመን መጥቶ እኛ ያለ ቅቤ በበላንበት ዓመት እንኳ የሱ ቅቤ አልቀረበትም አሉኝ፣ ይህንንም ሲሉ እንደ መኩራት ብለው ነበር።

ከዚያ ድምፃቸው ወረደ። «አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ ይሉ የለ? አጥብቀን ያዝነው። አዲስ ያስመሰለው ይኸው ነው። ተአባታቸው የተቀበሉትን ጥለውት ቢሆን፣ አይጥ በልቶት ቢሆን፣ ዛሬ መሪጌታ ተቤታቸው ነበሩ።»

በእኔ ይሁንብዎ፣ ዕድሜውን አገኝለታለሁ አልኳቸው፣ ደግሞ ከልቤ ነበር።

ሱቄን ከውስጥ ቀርቅሬ ካሜራውን መስኮቱ ሥር ጠረጴዛ ላይ አኖርኩት። ከሰዓት በፊት ነው፣ ጭጋጉ የመስኮቱን መስተዋት ነክቶ ቆሟል፣ ቤቱን የበሰለ ቅቤ ሽታ ሞላው። አንድ ዕቃ መቼ እንደተሠራ ለማወቅ ሰው የሚያየውን ትተህ ሰው የማያየውን ማየት ነው፣ ይህን ያስተማረኝ የጎንደሩ ሽማግሌ ነው። በማዕዘኑ በኩል ቆዳውን በምላጭ ጫፍ ቀስ አድርጌ አነሣሁት፣ ከሥሩ እንጨት ነው፣ ማጣበቂያው ቡናማ ሆኖ እንደ ደረቀ ሙጫ ይፈረፈራል። ከኋላ በኩል ከፊልሙ ፊት ለፊት የምትወርድ የጨርቅ መጋረጃ አለች፣ ብርሃን የምታስገባውና የምትዘጋው እሷ ናት፣ ጥቅሏን ፈታ ሳደርጋት በእጥፋቱ ውስጥ እንደ ክረምት እግር ተሰነጣጥቃለች። ቅቤ ያልደረሰበት ቦታ ሁሉ ዕድሜ ደርሶበታል።

ትልቁ ማስረጃ ግን ሌንሱ ነው። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ የተሠሩ ሌንሶች መስተዋታቸው ላይ ቀጭን ቅብ አላቸው፣ ወደ ብርሃን ስታዞረው ወይን ጠጅ ወይም ሰማያዊ ያንጸባርቃል፣ የእኔ የሱቅ ካሜራ እንደዚያ ነው። ይህኛውን ወደ መስኮቱ አዞርኩት። ነጭ። ከፊት ነጭ፣ ከኋላ ነጭ፣ ምንም ቀለም የለውም። ሌንሱ ከጦርነቱ በፊት የተሠራ ነው፣ እንግዲህ እኔ ከመወለዴ በፊት ማለት ነው። ደስታዬን ምን ልበልህ፣ ባዶ ቤት ውስጥ ብቻዬን ቆሜ «ሽማግሌው ዳኑ» አልኩ።

ይህን ከማለቴ የካሜራው መጋረጃ በራሷ ወረደች። ሸርተት ብላ ጧ አለች። መጋረጃዋን አጠንጥኜ አልተውኳትም፣ እርግጠኛ ነኝ፣ ግን አሮጌ ሞላ ነው፣ አርባ ዓመት ታምቆ የቆየ ነገር እጅ ሲነካው ይለቃል ብዬ አለፍኩት። ቀጥሎ አንድ ሲጥ የሚል ድምፅ ሰማሁ፣ ሲጥ ይልና ያርፋል፣ እንደገና ሲጥ ይላል፣ ጭነት የከበደው ገመድ እንጨት ላይ ሲሻሽ የሚያሰማው ዓይነት ነው። የጣሪያው እንጨት ርሶ ነው አልኩ። ሁለት ጊዜ ቀና ብዬ አየሁ፣ ጣሪያዬ እንዳለ ነው፣ ድምፁ ግን አላቋረጠም።

እንግዲህ አንድ ነገር ይቀረኝ ነበር። ጓድ ደምሴ ብልጥ ነው፣ አሮጌ ሌንስ በአዲስ ሳጥን ላይ ገጥመውበት ቢሆንስ ይለኛል፣ ስለዚህ ሌንሱና ሳጥኑ ከፋብሪካ ጀምሮ አብረው የኖሩ መሆናቸውን በሥራ ላይ ማየት አለብኝ፣ በሳጥኑ ላይ የተጻፈው የርቀት ልክ ሌንሱ ነገሩን ጥርት አድርጎ ከሚያሳይበት ርቀት ጋር ከተስማማ ነገሩ አለቀ። ካሜራውን በባለ ሦስት እግር መቆሚያ ላይ ሰቅዬ፣ ከሳጥኑ ጋር በመጣው የፊልም መያዣ፣ በፊልም ፈንታ፣ የራሴን የፎቶ ወረቀት ቆርጬ በጨለማ አጉርሼ፣ ደንበኞች ወደሚቀመጡበት በርጩማ አዞርኩት፣ ከበርጩማው ጀርባ የፋሲል ግንብ የተሣለበት ጨርቄ ተሰቅሏል። ጥቁሩን ጨርቅ ራሴ ላይ ጣል አድርጌ ከካሜራው ጀርባ ጎንበስ አልኩ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገርህ፣ አለዚያ የተቀረው አይገባህም። በእንዲህ ያለ ካሜራ ጀርባ ላይ ደብዛዛ መስተዋት አለ፣ ከፊት ያለው ነገር የሚታየው በሱ ላይ ነው፣ የሚታየው ግን ተገልብጦ ነው፣ ጣሪያው ከታች፣ ወለሉ ከላይ፣ ሰው በጭንቅላቱ ቆሞ። የብርሃን ጠባይ ነው፣ ዓይን ይለምደዋል፣ ከዓመት በኋላ የተገለበጠውን አቃንተህ ታየዋለህ።

አየሁ። የፋሲል ግንብ ተዘቅዝቋል፣ በርጩማው እግሮቹን ወደ ላይ ሰቅሏል፣ እንደ ደንቡ። ከበርጩማው አጠገብ አንድ ሰው ቆሟል። ቀጥ ብሎ፣ እጆቹን ወደ ኋላ አድርጎ፣ ሽማግሌ ፊት የቀረበ ሰው በሚቆምበት አኳኋን። አትፍረድብኝ፣ መጀመሪያ ምንም አልመሰለኝም፣ እንዲያውም ደህና ቆሟል፣ ብርሃኑም መጥቶለታል ብዬ ሌንሱን ላስተካክል እጄን ሰደድኩ፣ ሰው ቀጥ ብሎ ሲቆም ማየት ምን ይገርማል። ከዚያ ማን ገባ አልኩ፣ በሩን ቀርቅሬዋለሁ።

ራሴን ከጨርቁ አወጣሁ። በርጩማው አለ፣ ግንቡ አለ፣ ሰው የለም። ተመልሼ ገባሁ። አለ። ዝቅ ብዬ እግሩን ፈለግሁ፣ እግሮቹ ወለሉን አልረገጡም፣ ወለሉማ በመስተዋቱ ላይ ከላይ ነው፣ እግሮቹ የነበሩት ከታች፣ ከጣሪያዬ እንጨት ጋር ነው። በጣሪያዬ ላይ ነው የቆመው። ሲጥ ባለ ቁጥርም ጥቂት ወደ ግራ፣ ጥቂት ወደ ቀኝ ይል ነበር።

ያኔ ገባኝ። በዚያ መስተዋት ላይ ሁሉም ነገር ተገልብጦ የሚታይ ከሆነ፣ ቀጥ ብሎ የሚታየው ሰው በውነቱ የተገለበጠው ነው። እግሩ ወደ ላይ የታሰረው፣ ራሱ ወደ ታች የተንጠለጠለው ነው። በግቢው ውስጥ ሰውን እግር ወደ ላይ ሰቅለው እንደሚገርፉ ደባርቅ ውስጥ የማያውቅ አልነበረም፣ ከዚያ የወጡት አካሄዳቸው ይናገራል።

ቀጥሎ ያደረግሁትን ለምን አትበለኝ። የፊልም መያዣውን አስገባሁ፣ መጋረጃዋን አጠነጠንኩ፣ ሽፋኑን ሳብኩ፣ ቁልፉን ተጫንኩ። እጄ ከልቤ ቀድሞ ነው፣ ፎቶ አንሺ ሲፈራም ያነሳል። መጋረጃዋ ጧ ስትል ያ የገመድ ድምፅ በዚያው ተቋረጠ፣ አልቀነሰም፣ አልራቀም፣ ቁርጥ አለ። መያዣውን አውጥቼ መስተዋቱን እንደገና ባየው የተገለበጠው በርጩማ ብቻ ነው የቀረው።

ካሜራውን በጃኬቴ ጠቅልዬ እየሮጥኩ ወደ ግቢው ወጣሁ፣ የወደቅሁበትንም አላስታውስም፣ ጉልበቴ ደም ነበር። በሩ ላይ የነበረውን ጠባቂ መልሱን አግኝቻለሁ፣ ዕቃው አሮጌ ነው፣ አሁኑኑ ለጓድ ደምሴ ንገርልኝ አልኩት። ነገ ጠዋት ተብለሃል፣ ነገ ጠዋት ና አለኝ። ለመንኩት። አንዲት ቃል ብቻ፣ አሮጌ ነው ብለህ ንገረው አልኩት። ጠባቂው ክፉ ሰው አልነበረም፣ ዓይኑን ከዓይኔ እያሸሸ «ሥራ ላይ ናቸው፣ ማንም እንዳይገባ ብለዋል» አለኝ።

ጮኸህ አትገባም ነበር ወይ ትለኝ ይሆናል። ያን ዘመን ካልኖርክበት አትጠይቀኝ። ዝናብ ሲመታኝ ቆየሁና ተመለስኩ፣ ሌሊቱንም ሙሉ፣ ያ ያየሁት የደከመ ዓይኔ ያመጣው ነው እያልኩ ራሴን ስሞግት አደርኩ፣ የፊልም መያዣውን ግን አልነካሁትም፣ መሳቢያ ውስጥ ከትቼ ቆለፍኩበት።

ጠዋት ጓድ ደምሴ በደህና ተቀበለኝ። ማጣበቂያውን፣ የተሰነጠቀችውን መጋረጃ፣ የርቀቱን ልክ አንድ በአንድ አሳየሁት፣ ሌንሱንም ከእኔው ካሜራ ሌንስ ጎን ወደ መስኮት አዞርኩለት፣ አንዱ ወይን ጠጅ አንዱ ነጭ ሲያንጸባርቁ አየ። ሰውዬው አስተዋይ ነው፣ ሁለት ሦስት ጊዜ አገላብጦ አየና አመነ።

«ልክ ነህ፣ አሮጌ ነው» አለ።

እንግዲያው መሪጌታ ይፈታሉ ወይ አልኩት። ሲጋራውን ማሽከርከሩን አቆመ። መሪጌታ ትናንት ወደ ጎንደር ተዛውረዋል አለኝ፣ አመሰገነኝም፣ ካሜራውን ግን እዚያው አስቀረው። ስወጣ ያቺ ላንድሮቨር ግቢው ውስጥ ቆማለች፣ ግቢው ከሷ ሌላ መኪና የለውም፣ ትናንት በካፊያ የጀመረው ዝናብ ሌሊቱን ሙሉ ዘንቦም ከሥሯ ያለው መሬት ደረቅ ነበር።

በሩ ላይ ወይዘሮ ትርንጎን አገኘኋቸው። ጠባቂው ሳህናቸውን ሳይከፍት መለሰላቸው፣ ከላዩም የተጣጠፈ ጋቢ አኖረበትና ከእንግዲህ ምግብ አያምጡ አላቸው። ያኔ ልብስ ሲመለስ ምን ማለት እንደሆነ ሕፃንም ያውቅ ነበር፣ በበሩ ላይ ማልቀስ ደግሞ ክልክል ነው። አላለቀሱም። ጋቢውን አሸተቱት፣ ከዚያ ወደ እኔ ዞር ብለው ባዶ እጄን አዩ።

«ዕቃውስ? ባለቤቱ ቢመጣ ምን እንለዋለን?» አሉኝ።

ሳህኑን ከእጃቸው ተቀበልኳቸው። ጥቂት ከተራመድን በኋላ፣ እዚያ ውስጥ ሰው ፎቶ ይነሳ እንደሆን ጠየቁኝ። መሪጌታ በሕይወታቸው ፎቶ ተነሥተው አያውቁም፣ ሬሳቸው ካልተሰጠ ደግሞ በለቅሶው ልብሳቸው ተነጥፎ ከላዩ መልካቸው ካልተቀመጠ ሰው በምን ላይ ያለቅሳል፣ ልጆቻቸውስ ማንን አይተው ይሰናበታሉ አሉኝ። ቤተ ዘመድ ዘንድ አድሬ ነገ ወደ አገሬ እገባለሁ፣ ምናልባት ብታገኝልኝ አሉኝ። እሞክራለሁ አልኩ። ይህን ያልኩት በመሳቢያዬ ውስጥ ያለውን እያሰብኩ ነው፣ እንዳይኖርም እየተመኘሁ ነው።

ከሰዓት ጨለማ ክፍሌ ገብቼ ወረቀቱን ከመያዣው አውጥቼ በቀይ መብራት አጠብኩት። ስለ እውነት እልሃለሁ፣ ባዶ በርጩማ ቢወጣ ኖሮ ይህን ሁሉ ባላወራሁልህ። መጀመሪያ የግንቡ ጫፍ መጣ፣ ከዚያ በርጩማው፣ ከዚያ ሰውዬው። አትሜ ሳየው መሪጌታ ናቸው፣ ግንቡ ቀጥ ብሎ፣ በርጩማው ወለል ላይ ተቀምጦ፣ እሳቸው ከአጠገቡ እግራቸው ወደ ላይ፣ ራሳቸው ወደ ታች ሆኖ። ዓይናቸው ተከፍቶ ወደ ሌንሱ ያያል። እንዲያ ጥርት ያለ ፊት ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አንስቼ አላውቅም፣ ቁጭ ብዬ አለቀስኩ።

ይህን ለሚስት መስጠት አይሆንም። ስለዚህ መቀስ አነሣሁ፣ ከትከሻቸው በላይ ያለውን ብቻ ቆርጬ አስቀረሁና አቃናሁት፣ ከጀርባ የተገለበጠውን ግንብ በቀለም አጠቆርኩት፣ እንደገና አነሳሁት፣ እንደገና አተምኩት። ፊታቸው ደም የሞላው ቢመስልም የብርሃን ነው ይባላል፣ ሽማግሌ ቀጥ ብለው የተነሡት ጉርድ ፎቶ ሆነ። እጄን ሳደንቀው ትዝ ይለኛል፣ ሙያ ክፉ ነው ብዬሃለሁ።

በማግሥቱ ወይዘሮ ትርንጎ መጡ፣ በርጩማው ላይ እንዳይቀመጡ ወንበር ሰጠኋቸው። ፎቶውን በሁለት እጃቸው ተቀበሉና ግንባሩን ሳሙት፣ «እሳቸው ናቸው፣ የኔ ጌታ» አሉ፣ ያን ጊዜ ነው እንባቸው የመጣው። በጣታቸው የመሪጌታን ግንባር ዳሰሱ፣ ዓይናቸውን ዳሰሱ፣ ከዚያ ጣታቸው ቆመ።

«ጢማቸው ምነው?» አሉኝ።

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እስከዚያች ሰዓት ድረስ አላስተዋልኩትም። ያ ረጅም ጢም ደረታቸው ላይ አልወረደም፣ ወደ ላይ ሄዷል፣ አፋቸውን አልፎ፣ ጉንጫቸውን አልፎ፣ እስከ ዓይናቸው ሥር ድረስ ቆሟል።

«ነፋስ ነበረ?» አሉኝ።

«አዎ» አልኳቸው። «ነፋስ ነበረ።»

ከዚያ ፎቶውን ጭናቸው ላይ እንዳለ ቀስ አድርገው አዞሩት፣ የመሪጌታ ራስ ወደ ታች እስኪሆን ድረስ። ጢሙ ቦታውን ያዘ። በዚያ በኩል አተኩረው አዩት፣ አፌን ጠብቀው ይሆናል፣ እኔ ግን ወለሉን አየሁ። «እግዜር ይስጥልኝ» አሉና ፎቶውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጠሩት፣ ሲቋጥሩት ያዞሩትን መልሰው አላቃኑትም። በለቅሶው ላይ በየትኛው በኩል አድርገው እንዳቆሙት የነገረኝ ሰው የለም፣ እኔም እስከ ዛሬ አልጠየቅሁም።